ዲስፕራክሲያ በጉልምስና ሲታወቅ፦ ከምርመራው በኋላ ምን ይደረግ?

(በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በአንድ የነዋሪዎች መሰብሰቢያ አዳራሽ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

የዕረፍት ቀናችሁን ሰውታችሁ፣ ገሚሶቻችሁ ከለገጣፎ በኩል፣ ገሚሶቻችሁም ከአያት ታክሲ ተሰልፋችሁ ወደዚህ አዳራሽ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በሙያዬ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝም ከስብራትና ከወገብ ሕመም ጋር በተያያዘ ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ከልጅነት ጀምሮ አብሮ ስለኖረ፣ ስሙ ግን ሠላሳ ወይም አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ ስለታወቀ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር ነው። በተለይ የምርመራ ውጤታቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ "እንግዲህ ምን ላድርግ?" እያሉ ለሚጨነቁ ጎልማሶች፣ ከጎናቸው ላሉ ባለቤቶቻቸው፣ እናቶቻቸውና አለቆቻቸውም ጭምር የሚጠቅም ነገር ለማካፈል እሞክራለሁ። ሐሳቤ ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ከምርመራው በኋላ መላ ሰውነትን በጅምላ ለመለወጥ ከመታገል ይልቅ፣ ለራስ ኑሮ በእርግጥ የሚያስፈልጉ ጥቂት ሥራዎችን መርጦ እነርሱን ለራስ በሚስማማ ስልት እንደ አዲስ መማር ይሻላል፤ የቀረውን ደግሞ በመሣሪያና በሰው እገዛ ማቅለል ነውር የለበትም።

ስለ ችግሩ ምንነት አስቀድሜ ጥቂት ልበል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ ዲስፕራክሲያ የምንለውን የዕድገት የእንቅስቃሴ ቅንጅት መታወክ ለመለየት አራት ነጥቦች መሟላት እንዳለባቸው ይደነግጋል። የሰውየው የእንቅስቃሴ ችሎታ ከዕድሜውና ለመማር ከነበረው ዕድል አንጻር በግልጽ ዝቅ ያለ መሆን አለበት፤ ይህም የዕለት ተዕለት ኑሮውን፣ ትምህርቱን ወይም ሥራውን የሚያውክ መሆን አለበት፤ ምልክቶቹ በልጅነት የጀመሩ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት፤ በመጨረሻም ችግሩ በአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ በማየት ችግር ወይም እንቅስቃሴን በሚጎዳ ሌላ የነርቭ ሕመም ምክንያት የመጣ መሆን የለበትም። ያው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 11 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል ከ5 እስከ 6 በመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገምታል። በዚህ ስሌት ስድሳ ተማሪ በሚማርበት ክፍል ውስጥ ሦስት ያህል ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ችግሩን ይዘው ያድጋሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ዐሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ መዝግቦታል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን በቀላሉ ላስረዳ። እጃችን ስኒ ለማንሳት ገና ሲዘረጋ፣ አንጎላችን የስኒውን ርቀትና ክብደት፣ የሚያስፈልገውንም ጉልበት አስቀድሞ ይገምታል፤ እንቅስቃሴው ከግምቱ ሲዛነፍም ወዲያውኑ ያርመዋል። ተመራማሪዎች በስፋት የሚቀበሉት ማብራሪያ፣ ዲስፕራክሲያ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ይህ ቅድመ ግምትና ፈጣን እርማት ደካማ ነው የሚል ነው። ጡንቻው ጤነኛ ነው፤ የማሰብ ችሎታም አልጎደለም። ሆኖም ሌላው ሰው ሳያስብ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ እነርሱ በትኩረት መምራት አለባቸው። መንዳት በሚማርበት የመጀመሪያ ሳምንት መሪውን፣ ፍሬኑንና ማርሹን እያሰበ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ቢያናግረው መመለስ የሚያቅተውን ሰው አስቡት፤ ዲስፕራክሲያ ላለበት ሰው ቡና መቅዳትም፣ ደረጃ መውረድም፣ ነጠላ ማጣፋትም ለረጅም ዓመታት እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች ማታ ቤታቸው ሲገቡ የሚሰማቸው ከሥራቸው መጠን ጋር የማይመጣጠን ድካም ከዚህ የሚመነጭ ነውና፣ ቤተሰብ ስንፍና አድርጎ እንዳይቆጥረው አደራ እላለሁ።

ውጤቱን ከተቀበላችሁ በኋላ በመጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ ምርመራው በምን ላይ እንደተመሠረተ መረዳት ነው። በስልክ የተሞላ አንድ መጠይቅ ብቻውን ምርመራ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2010 አማንዳ ኪርቢና ባልደረቦቿ ለአዋቂዎች ያሳተሙት የታወቀ መጠይቅ እንኳ የሚያገለግለው ጥርጣሬን ለማጣራት እንጂ ለመደምደም አይደለም። መርማሪው ባለሙያ ስለ ልጅነታችሁ ጠይቋችኋል ወይ? ካልጠየቀ ከእናታችሁ ወይም ካሳደገቻችሁ አክስት ጋር ቁጭ በሉና መቼ እንደሄዳችሁ፣ ቁልፍ መቆለፍና የጫማ ክር ማሰር መቼ እንደቻላችሁ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ስለ ጽሕፈታችሁ ምን ይሉ እንደነበር ጠይቁ፤ የድሮ ደብተር ከተገኘ ትልቅ ማስረጃ ነው። በዚህ አጋጣሚ አጥብቄ የማስገነዝበው ነገር አለ፦ በልጅነት ያልነበረ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የጀመረ መደነቃቀፍ ወይም ዕቃ ከእጅ መውደቅ ዲስፕራክሲያ አይደለም። በተለይ አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ብቻ ሲደክም፣ መንቀጥቀጥ ሲመጣ፣ ንግግር ሲኮላተፍ ወይም አካሄድ በድንገት ሲለወጥ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ በነርቭ ሐኪም መታየት ያለባቸው ሕመሞች ናቸውና።

አሁን ብዙ ወደሚያነጋግረን ጉዳይ ልለፍ። በእኛ ዘንድ የእጅ ቅልጥፍና የጠባይ መለኪያ ሆኖ ኖሯል። ሴት ልጅ ሽንኩርት አድቅቃ ካልከተፈች፣ የዶሮውን ዐሥራ ሁለት ብልት በየመገጣጠሚያው ካላወጣች፣ ወጡ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ "ሙያ የላትም" ትባላለች። ወንዱ ልጅ በሰፈር ሜዳ ኳስ ስትመጣለት እግሩ ካልታዘዘለት ቡድን ሲመረጥ መጨረሻ የሚቀር እርሱ ነው፤ ሠርግ ላይ እስክስታ ሲወረድ የሚሸሸግበትን ጥግ ይፈልጋል። "ቀልብሽ የት ነው?"፣ "እጅህን ምን ነካው?"፣ "ዝርክርክ" የሚሉት ቃላት ለሌላው ልጅ አንድ ቀን ተነግረው የሚረሱ ሲሆኑ፣ ለዚህ ልጅ ግን በየቀኑ የሚደጋገሙ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰነፍ ነህ የተባለ ሰው በሃያ አንደኛው ዓመት ሰነፍ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። ስለዚህ ምርመራው የሚነካው የዛሬን ኑሮ ብቻ አይደለም፤ ያለፈውን ዘመን ሁሉ ተመልሶ ያስነብባል። ብዙዎች መጀመሪያ ዕፎይታ ይሰማቸዋል፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ቁጣ ወይም ሐዘን ይከተላል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ ማንም ሰው "ዐወቅሽ፤ አሁን ደስ ይበልሽ" ብሎ ሊያጣድፋችሁ አይገባም።

ፈቃዷን ስለሰጠችኝ፣ ስሟን ሳልጠቅስ፣ ከዚሁ ከእኛ ሰፈር ስለማውቃት አንዲት እህት ልናገር። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ውጤቷን በሰማች ሰሞን ለእናቷ ስትነግር እናቷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና "እኔ እኮ ሰው ቤት ስትገቢ እንዳትናቂ ብዬ ነው የጮህኩብሽ" አሏት። እርሷም "አውቃለሁ እማዬ፤ ከእንግዲህ ግን ስሠራ ቆመሽ አትይኝ፤ ስትዪኝ እጄ ይብስበታል" ብላ መለሰች። ይህ አነጋገር ለእኔ ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል። እናቶቻችን ባላወቁት ነገር ልንከሳቸው አይገባም፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚያስፈልገንን ነገር ግን በግልጽና በአክብሮት ልንነግራቸው ይገባል። ደግሞም ያለፈው ችግር ሁሉ ከዲስፕራክሲያ የመጣ አይደለም፤ የፈረሰ ወዳጅነትም ሆነ የወደቅንበት ፈተና ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላልና፣ ሁሉንም በአንድ ስም መዝጋት ለራስም አይጠቅምም።

ይህችው እህት መማር የመረጠችው እንጀራ መጋገር ነበር። ገዝታ መብላት ትችል ነበር፤ ትገዛም ነበር። ነገር ግን አማቷ ከገጠር በመጡ ቁጥር የሚሰማትን መሸማቀቅ ማስወገድ ፈለገች፤ ግቡን የመረጠችው ራሷ መሆኗም ለውጤቱ ወሳኝ ነበር። የተከተልነው አካሄድ የካናዳ ተመራማሪዎቹ ሄሌን ፖላታይኮና አንጄላ ማንዲች ያዳበሩት ሲሆን፣ ግብ ማውጣት፣ ማቀድ፣ ማድረግና መፈተሽ በሚሉ አራት ደረጃዎች ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና ምክረ ሐሳብም እንዲህ በተመረጠ ሥራ ላይ ያተኮረ ልምምድን ያበረታታል። በአዋቂዎች ላይ የተደረገው ጥናት በልጆች ላይ ከተደረገው ያነሰ ነው፤ ቢሆንም አሁን በእጃችን ካለው ሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግቧን "እንጀራ መቻል" ብላ አልተወችውም፤ "ዳሩ ያልተቆራረጠ፣ መሐሉ ያልወፈረ እንጀራ ማውጣት" ብላ ወሰነችው። ከዚያ ሥራው የት ላይ እንደሚበላሽ በጥንቃቄ ተመለከትን። ሊጡን የምትቀዳበት ጆግ ትልቅና ሙሉ ስለነበር የእጅ አንጓዋ ከግማሽ ዙር በኋላ ይዝል ነበር። ዐይኗ የሚከተለው የሚፈስሰውን ሊጥ እንጂ ሊጡ ቀጥሎ የሚያርፍበትን ቦታ አልነበረም። ከዳር ስትጀምር ስለምትቸኩል መሐል ሳትደርስ ሊጡ ያልቅባታል፤ ክፍተቱን ለመሙላት ስትመለስ ደግሞ መጀመሪያ የፈሰሰው ዐይን ማውጣት ጀምሯል። ስለዚህ አፉ ሾጠጥ ያለ ትንሽ ጆግ ገዛች፤ ለአንድ እንጀራ የሚበቃው መጠን የሚደርስበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አደረገችበት። ምጣዱን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አስጠግታ፣ ግራ እጇን በጠረጴዛው ላይ አሳርፋ መቆም ለመደች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምጣዱን ሳትነካ፣ በሰፊ ትሪ ላይ ቀጠን ያለ የዱቄት ውኃ እያዞረች ተለማመደች። ሬዲዮኑን ዘግታ፣ ባለቤቷንም እንዳያናግራት ለምና፣ "ከዳር… ዙር… ወደ መሐል… ክደኚ" እያለች ድምፅዋን አውጥታ ራሷን ትመራ ነበር። አንዱ እንጀራ በወጣ ቁጥር "ክፍተቱ የት ላይ ነው?" ብላ ትመረምራለች፤ በሚቀጥለው የምትለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ከጎረቤቶቿ ቀስ ብላ ትጋግራለች፤ እንጀራዋ ግን ለእንግዳ ይቀርባል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ በሉ። እንጀራ መጋገር መቻሏ ጽሕፈቷን አላሻሻለውም፤ አንድ የእንቅስቃሴ ችሎታ ወደ ሌላው በራሱ አይሻገርም። የሚሻገረው ስልቱ ነው፤ ሥራን መበተን፣ የሚበላሽበትን ነጥብ መለየት፣ አንድ በአንድ መለወጥ። ለዚህም ነው "ሚዛናችሁን እናስተካክላለን" ተብሎ ከኑሮ ጋር የማይገናኝ እንቅስቃሴ ለወራት ከሚታዘዝላችሁ ይልቅ፣ የራሳችሁን ሥራ ይዛችሁ እንድትቀርቡ የምመክረው። ሁለተኛው፣ እርሷ ሽንኩርት መክተፍን ለመማር ፈጽሞ አልሞከረችም። የሽንኩርት መፍጫ ማሽን ገዛችና ጉዳዩን ዘጋችው። ምን እንደምንማር መምረጥ ያለብንን ያህል፣ ምን እንደምንተውም መምረጥ አለብን።

መሣሪያ መለወጥን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ምክንያቱም እያንዳንዳችሁ ቤታችሁን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ክር የሌለው ጫማ፣ ወፈር ያለ እስክሪብቶ፣ ከሥሩ የማያንሸራትት መክተፊያ፣ ረከቦቱን ወደ ራስ አስጠግቶ ጀበናውን በግማሽ ብቻ መሙላት ሁሉም ይረዳሉ። የጽሕፈት ነገር ግን የተለየ ክብደት አለው። ሠላሳ ሦስት ፊደላትን በሰባት ሰባት ቅርጽ፣ አብዛኛውንም ልዩነት በትንሽ ቅጥያና በትንሽ ቀለበት እየለዩ መጻፍ ለእነዚህ እጆች አድካሚ ነውና፣ በሚቻለው ሁሉ በስልክና በኮምፒውተር ጻፉ፤ በመሥሪያ ቤት የሚሞላ ቅጽ ካለ አስቀድማችሁ ተቀብላችሁ በቤታችሁ ሙሉት። በዚህ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ አሳንሰር በሌለው ደረጃ መውጣት ለሁሉም ፈተና ነው፤ ዲስፕራክሲያ ያለበት ሰው ግን ባለ 10 ሊትሩን ይያዝ፤ ሁለት ጊዜ ቢመላለስም አንድ እጁ ሁልጊዜ መደገፊያውን የያዘ ይሁን። ዕቃ የሚሸከም በጀርባ በሚታዘል ቦርሳ ይሸከም። ታክሲ ላይ የሚያስጨንቃችሁ ገንዘብ መቁጠር ከሆነ ዝርዝሩን ከቤት ስትወጡ ለይታችሁ በአንድ ኪስ አኑሩ፤ በቴሌብር መክፈል በሚቻልበት ሁሉ እርሱን ተጠቀሙ። ከዚህ ወደ መሐል ከተማ የሚሠሩ ሰዎች፣ የሚቻላቸው ከሆነ፣ ግፊያው ሳይጀምር ቀድመው ቢወጡ፣ ከአያት በኋላም ባቡሩን ቢመርጡ ቀኑን ሳይደክሙ ይጀምሩታል።

መኪና መንዳትን ብዙዎች ይጠይቁኛል። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ዲስፕራክሲያ ያለባቸው አዋቂዎች መንዳት ለመማር ከሌሎች የበለጠ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ አንዳንዶቹም ከነጭራሹ ላለመንዳት ይወስናሉ። አውቶማቲክ መኪና ፍሪሲዮንና ማርሽ የማቀናጀቱን ሸክም ስለሚያስቀር አስቀድማችሁ ስለ እርሱ አስቡ። ተጨማሪ የልምምድ ሰዓት ያዙ፤ እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር በሚልበት ጊዜ ጀምሩ፤ ለአሠልጣኙም "ሁለት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ አይስጡኝ" ብላችሁ ንገሩት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ርቀትንና ፍጥነትን መገመት አሁንም የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አለመንዳት የበሳል ሰው ውሳኔ ነው፤ የእግረኞችም ሕይወት አለና።

የአካል ብቃት ጉዳይ ደግሞ ችላ የሚባል ነው። በልጅነቱ ከሜዳ የተባረረ ሰው ስፖርትን ለዘለዓለም ይርቃል፤ ከዚያ ክብደት ይመጣል፣ ጉልበት ይደክማል፣ ድካሙም ቅንጅቱን መልሶ ያባብሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ኳስ መጫወት የግድ አይደለም፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ዋና፣ ባለበት የቆመ ብስክሌት፣ ቀላል ክብደት ማንሳት ራሳችሁ በምትወስኑት ፍጥነት የሚደረጉና የሚወረወር ነገር የሌለባቸው ናቸው። በየካ ተራራ ግርጌ ጠዋት የሚራመዱ ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ከአንድ ትዕግሥተኛ ጓደኛ ጋር መሆን በጣም ያግዛል።

ከእንቅስቃሴው ባሻገር መታየት ያለበት ነገር አለ። ዲስፕራክሲያ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የትኩረት ማነስ ችግርም እንዳለባቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል፤ ጭንቀትና ድባቴም ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛባቸዋል። አንድ ሰው ዕቃ የሚጥለው በእጁ ምክንያት ብቻ ሳይሆን ሐሳቡ በመበተኑም ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን የሚመረምር የሥነ አእምሮ ሐኪም ማግኘት ጠቃሚ ነው። ለእንቅስቃሴው ችግር የሚፈውስ መድኃኒት የለም፤ ለትኩረት ማነስ፣ ለጭንቀትና ለድባቴ ግን ውጤታማ ሕክምና አለ። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ የሚያሳፍር አይደለም። እንቅልፍ ከራቃችሁ፣ ከሰው መሸሽ ከጀመራችሁ፣ በተለይም መኖር ካስጠላችሁ፣ ስለ እጃችሁ ከማሰባችሁ በፊት ለዚህ እርዳታ ፈልጉ።

እገዛ የት ይገኛል ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስ አንጀት የሚያርስ አይደለም። ለዚህ ሥራ ቀዳሚው ባለሙያ የዕለት ተዕለት ተግባራትን መልሶ የሚያስተምረው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነው፤ በአገራችን ይህን ትምህርት በዲግሪ ደረጃ በመጀመሪያ የከፈተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የተመረቁት ገና ጥቂቶች ናቸው። ፊዚዮቴራፒስቶች በትልልቅ ሆስፒታሎች አለን፤ ሆኖም ብዙዎቻችን የለመድነው ስብራትንና ስትሮክን ነው። ስለዚህ ተዘጋጅታችሁ ኑ። ኑሯችሁን የሚያውኩ ሦስት ሥራዎችን ለይታችሁ አስመዝግቡ፤ ከእነርሱ አንዱን ስትሠሩ የቤት ሰው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጻችሁ። እኔ በክሊኒክ ውስጥ አንድ ሰዓት መርምሬ የማላገኘውን ነገር የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ያሳየኛል።

ገንዘባችሁንም ጠብቁ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ "አንጎልን እናድሳለን" የሚሉ ማስታወቂያዎችን፣ ውድ የቫይታሚን እሽጎችን አትመኑ። ፀበል መጠመቅም ሆነ ዱዓ ማድረግ ልብን ያጽናናል፤ ከልምምድ ጋርም አይጣላም። ነገር ግን ሰውየውን ክፉ መንፈስ አለበት ብሎ መፈረጅ፣ ለዓመታት በተሸከመው ነቀፋ ላይ ሌላ ነቀፋ መጨመር ነውና፣ የሃይማኖት አባቶቻችን በዚህ ረገድ እንዲያግዙን በትሕትና እለምናለሁ።

ስለ ሥራ ቦታ ልናገር። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው በመሣሪያ፣ በሥራ ሰዓትና በሥራ አካባቢ ላይ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ግዴታ ይጥላል፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010 የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አጽድቃለች። አዋጁ ጉዳትን የሚተረጉመው በአካል፣ በአእምሮ ወይም በስሜት ሕዋሳት ጉዳት ምክንያት ከማኅበራዊ መድልዎ ጋር ተያይዞ በሥራ ላይ የእኩል ዕድል ተጠቃሚነት የቀነሰበትን ሰው በማየት ነው። ስለዚህ የምርመራ ማስረጃችሁ ችግሩ በሥራችሁ ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ በግልጽ የሚዘረዝር እንዲሆን ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ አለመግባባት ቢነሳ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። በተግባር ግን አብዛኛው ጉዳይ ወደ ሕግ ሳይደርስ ያልቃል። "ዲስፕራክሲያ አለብኝ" ብቻ ብሎ መናገር አለቃን ግራ ያጋባል፤ "በእጅ የሚሞላውን መዝገብ በኮምፒውተር ልሙላው፤ ስብሰባ ላይ ሻይ የማደሉን ተራ በሌላ ሥራ ቀይሩልኝ፤ አዲስ ማሽን ሲመጣ ለብቻዬ ቀስ ብሎ የሚያሳየኝ ሰው ስጡኝ" ማለት ግን ወዲያው የሚፈጸም ጥያቄ ነው። ለማን እንደምትነግሩ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ለሁሉም ሰው የመናገር ግዴታ የለባችሁም።

ቢሆንም የሚችሉ ሰዎች ቢናገሩ የሌላው መንገድ ይቀላል። እንግሊዛዊው ተዋናይ ዳንኤል ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህ ችግር እንዳለበትና የጫማ ክር ማሰር እንደሚያስቸግረው በይፋ ተናግሯል። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ስለ ኦቲዝም ባደባባይ ባይናገሩ ኖሮ፣ ዛሬ ያለን ግንዛቤ ይህን ያህል አይደርስም ነበር። የዲስፕራክሲያ ጉዳይ እንደዚያ የሚቆምለት ሰው ገና ይፈልጋል።

በመጨረሻም ልጆች ላሏችሁ። ችግሩ በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዝንባሌ አለው፤ ስለዚህ የእናንተ ምርመራ የልጃችሁን እጅ በሌላ ዐይን እንድታዩ ሊያደርጋችሁ ይገባል። ዓለም አቀፉ ምክረ ሐሳብ እንደ ደንብ ከ5 ዓመት በፊት ምርመራውን መደምደም አይገባም ይላል፤ ልጆች በዚያ ዕድሜ በጣም ይለያያሉና። ከዚያ በፊት ግን መጮኽን መተው፣ ልብሱን ለብቻው እንዲለብስ ጠዋት ተጨማሪ ጊዜ መስጠት፣ ሩጫና መውጣት መውረድ የሚችልበት ቦታ መውሰድ ይቻላል። ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ከሰሌዳ የሚገለበጠው እንዲያጥርለት፣ በፈተና ላይ ጊዜ እንዲጨመርለት፣ መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ በጽሕፈቱ ምክንያት ማርክ እንዳይቀነስበት።

የቀረውን ሰዓት ለጥያቄዎቻችሁ እሰጣለሁ። በሰው ፊት መጠየቅ የማትፈልጉ በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ወረቀት ጨምሩ፤ መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ደግሞ ስንወጣ ጠብቁኝ፤ ጥያቄያችሁን በስልኬ በድምፅ እቀዳዋለሁ።